በመድኃኒት አዋቂው ግቢ ዝም ያልን ቀን

ውድ አማረች፣

ይህን የምጽፍልሽ ከሞትሽ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የእብድ ሥራ መሆኑን አላጣሁትም። አንቺ ግን የሞተ ሰው ጠባይ የለሽም። የሞተ ሰው ያርፋል፤ አንቺ አላረፍሽም፣ እኔንም አላሳረፍሽኝም። ስለዚህ ሰው ምን ይለኛል ሳልል፣ በሕይወት ሳለሽ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

አሥራ አንድ ዓመት አብረን ተመላለስን። የኤች አይ ቪውን ኪኒን እዚሁ አንኮበር ማግኘት ስንችል፣ ሰው እንዳያየን ብለን ደብረ ብርሃን ድረስ እንሄድ ነበር። ለጠየቀን ሁሉ «የሹራብ ክር ልንገዛ ነው» እንላለን። አንቺ እንኳን ሹራብ መሥራት ቁልፍ መትከል አታውቂም፤ ቤትሽ ውስጥ ግን ሰፈራችንን ጎረቤላን በሙሉ የሚያለብስ ክር ተከምሮ ነበር። ስንራመድ እንዳይንኳኳ የኪኒኑ ዕቃ ውስጥ ጥጥ እንጠቀጥቃለን። ባልሽ ዋሴ ከሞተ ወዲህ የምትኖሪው ከልጅሽ ከሳሌምና ከአማትሽ ከእማማ ወለተ ሥላሴ ጋር ስለነበር፣ ያንቺ ላይ ጥጡን እናበዛዋለን። «እማማ ካወቁብኝ ልጄን አስቀርተው ያባርሩኛል» ትይኝ ነበር። እኔም አምንሽ ነበር።

የደብረ ብርሃኗ ሲስተር ሁለተኛውን በሽታ የነገረችሽን ቀን ታስታውሻለሽ? ካርድሽን ገልጣ «አማረች፣ ደምሽ ውስጥ ሌላም ቫይረስ አለ፤ ሄፓታይተስ ቢ ይባላል፣ የጉበት ነው» አለችሽ። «አይዞሽ፣ የምትወስጂው ኪኒን ሁለቱንም ይዞልሻል። ግን አደራ እንዳታቋርጪ፤ ካቋረጥሽ የጉበቱ ባንዴ ይነሳብሻል። ልጅሽንም አምጫትና ትመርመር።» እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ አንድም ቃል ሳያመልጠኝ ሰማሁ። ስንወጣ «አንዱ መች አነሰኝ!» ብለሽ ሳቅሽ። ሳሌምን ግን አላመጣናትም። ምን ብለን እናምጣት?

ከዚያ ግጭት ተነሥቶ የደብረ ብርሃን መንገድ ተዘጋ። ሁለት ወር ሙሉ መኪና አልወጣም፣ አልገባም፤ ኪኒናችንም አለቀ፤ እዚሁ አንኮበር ሄደን መጠየቅ ግን አልደፈርንም። መንገዱ ሲከፈት ሮጠን ሄደን ወሰድን፤ ያንቺ ዓይን ግን ከሳምንት በኋላ ቢጫ ሆነ። አንድ ጠዋት አጥር ተደግፈሽ ስታይኝ፣ በገዛ ፊትሽ ውስጥ ሌላ ሰው ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ባንድ አፍ «የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ ጥላዋን ጥላባት ነው» አለ። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ አይተርፍም ስለሚባል ሆስፒታል የሚል ቃል የሚያነሳ ጠፋ። እማማ «ነገ ቆላ እንወርዳለን፣ መድኃኒት አዋቂ አለ» አሉ። እኔም ደጋፊ ሆኜ ተከተልኩ።

የአሊዩ አምባን መንገድ ይዘን ስንወርድ ጉሙ ግማሽ መንገድ ሸኝቶን ቀረ። ግቢው ውስጥ ዘጠኝ በሽተኞች ግንቡን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። የሚያወራ፣ የሚያስል፣ ዝንብ የሚያባርር እንኳ የለም። በሩን ስንከፍት ዘጠኙም ባንድ ጊዜ ዞረው አዩን፤ የሁሉም ዓይን ያንቺን ዓይን ይመስላል። አንዲት ሴትዮ እንደምታውቅሽ ሁሉ ፈገግ ብላ ጠጋ አለችልሽ። አንቺም ሄደሽ በመካከላቸው ተቀመጥሽ።

መድኃኒት አዋቂው ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቅጠሉን ሳይጨምቁ በፊት መካከል ላይ ቆመው «የሐኪም ኪኒን የሚውጥ ካለ አሁኑኑ ይንገረኝ። የኔን አልሰጠውም፣ ወደ ሐኪሙ ይመለስ። የኔን የጠጣ ሰው ሁለት ሳምንት ኪኒንም መርፌም አይነካም፤ ከቀላቀለ ይሞትብኛል» አሉ። አንቺ እኔን አየሽኝ። እኔ እማማን አየሁ። እማማ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔም «አትናገሪ» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁብሽ፤ አንቺም ተቀብለሽ ጠጣሽ።

ዳገቱን ስንወጣ፣ እማማ ቀደም ሲሉልን «ፍቅርተ፣ ኪኒኑን ላቁመው?» አልሽኝ። ሲስተሯ ያለችው ጆሮዬ ላይ ነበር። ግን አታቁሚ ካልኩሽ ተመልሰን ወርደን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር ሊመጣ ነው፤ የሚጠይቁት ደግሞ አንቺን ብቻ አይደለም። ለራሴ ፈራሁ፣ አማረች። «ሁለት ሳምንት ምን ያመጣል?» አልኩሽ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሳሌምን በእናትሽ ስም ጠራሻት። በአሥራ ሦስተኛው ሞትሽ።

ከአርባሽ በኋላ ቀጠሮዬ ደረሰና ብቻዬን ተሳፈርኩ። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ረዳቱ ወደኔ ዞሮ «እናንተ፣ ሁለታችሁ ጠጋ በሉ» አለ። ጠጋ አልኩ። መኪናው ሞልቶ ሰው ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ አጠገቤ ያለው ቦታ ግን ደብረ ብርሃን እስክንገባ ማንም አልተቀመጠበትም። እኔም አንድ ጊዜ እንኳ ዞሬ አላየሁም። ከመኪና ስወርድ በዚያ በኩል ያለው ነጠላዬ ሞቋል።

ከዚያ ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ከገደሉ በኩል «ፍቅርተ» ትይኛለሽ። እናቴ በጉም ውስጥ የማላየው ሰው ቢጠራኝ ሦስት ጊዜ ሳይጠራኝ አቤት እንዳልል አስጠንቅቃኝ ነው ያሳደገችኝ። አንቺ ሁለት ጊዜ ብቻ ትጠሪኛለሽ። ሦስተኛውን ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ቀሚሴ በጤዛ እስኪርስ እጠብቃለሁ፣ አይመጣም። ያቺ ተንኮልሽ ከሞትሽም አልለቀቀችሽ ብዬ ልስቅ እሞክራለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ሳሌም ቤቴ መጣች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አረማመዷ ቁርጥ አንቺን ነው። «እትዬ ፍቅርተ፣ እናቴ ትመጣለች» አለችኝ፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው። «አንቺ እኛ ቤት ስትመጪ ብቻ ነው የምትመጣው። ከኋላሽ ትቆማለች።»

«ቆማ ምን ትላለች?» አልኳት።

«ምንም አትልም። የሆነ ነገር እንድትናገሪ የምትጠብቅ ይመስለኛል።»

ዓይኗን አየሁት። ጥርት ያለ ነጭ ነው። ነጭነቱ የባሰ አስፈራኝ፤ ያንቺም ዕድሜ ልኩን ነጭ ነበራ። ያን ጊዜ ነው እኔ ለስሜ ስሳሳ ልጅሽም እንደ አንቺ እጄ ላይ ልትሞት መሆኑ የገባኝ። ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሁለታችንን ኪኒን፣ የጉበቱን፣ ራሴን መነቅነቄንም። ጨርሳ ከሰማችኝ በኋላ «አንቺ ገደልሻት ማለት ነው» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

ሳምንት ሙሉ ዘጋችኝ። በስምንተኛው ቀን በሬን አንኳኩታ «ተነሺ፣ እንሂድ» አለች። ደብረ ብርሃን ተመረመረች። ኤች አይ ቪ የለባትም፤ የጉበቱ ቫይረስ ግን አለባት፣ ምናልባት ከተወለደች ጀምሮ። ጉበቷን መንካት ስለጀመረ ኪኒን ተሰጣት፤ በቀን አንድ፣ እንዳይቋረጥ። «በጊዜ መጥተሻል» አሏት። ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

ማታውኑ እኔም ባለሁበት እማማ ፊት ተቀምጣ ኪኒኑን መዳፏ ላይ አደረገች። «አያቴ፣ ይህን በየቀኑ እውጣለሁ። እናቴን የገደላት በሽታ እኔም ላይ አለ» አለቻቸው። እማማ ወደኔ ዞሩና «ያንቺስ አላለቀም?» አሉኝ።

«ምኑ፣ እማማ?»

«ኪኒንሽ ነዋ፣ ልጄ። የአማረችን ዋሴ ሳይሞት ነግሮኝ ነበር። ያንቺንም ከዚያ ወዲህ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ያን ቀን፣ እዚያ ግቢ፣ ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«በሰው ፊት ላዋርዳት? እናንተ ትናገራላችሁ ብዬ ጠበቅሁ» አሉ። ይህን ሲሉ ግን የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ ከኋላዬ፣ በሩ ላይ ያለ ሰው ነበር የሚያዩት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ። ሳሌምም ወደዚያው እያየች ነበር። እኔ ብቻ ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም።

ፊትሽን ማየት ስላልቻልኩ ነው የምጽፍልሽ። ሦስታችንም እናውቅ ነበር፣ አማረች። ታዲያ ከማን ነበር የደበቅነው? ይቅርታሽን ዛሬ አልለምንሽም፤ አፌም አይሞላም። ሳሌም ኪኒኗን ሳታቋርጥ ኖራ፣ አንድ ቀን ልጅ ወልዳ፣ ልጇ በሽታው እንዳይተላለፍበት በተወለደበት ዕለት የጉበቱን ክትባት ሲከተብ እኔው ነኝ የማቅፈው። ከዚያ በኋላ መቃብርሽ ድረስ መጥቼ እለምንሻለሁ።

እስከዚያው የልጅሽ ጠባቂ፣
ፍቅርተማርያም
ጎረቤላ፣ አንኮበር