ባል ስለሚፈርምበት የቁጠባ ቅጽ

ለተከበሩ አቶ ቻቩላ
የቤተሰብ ገንዘብ አያያዝ ሥልጠና ኃላፊ
ምዚምባ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን እመኛለሁ። የእኔ እንቅልፍ ከሰኔ ወዲህ ጥሎኝ ስለሄደ ዋጋውን አውቃለሁ። በመመሪያዎ የመንደራችንን ሴቶች ሳስተምር ከርሜ ዛሬ ለምስጋና ብዕር አንሥቻለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዷ ሴት ያላትን ገንዘብ ሁሉ ጽፋ ባሏን የምታስፈርምበትን ቅጽ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ራሱ ስለ መኪናው ነዳጅ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ኒያምሃንጎ ልበላትና፣ አንዲት ተማሪዬ በሽርጧ ጫፍ የቋጠረችውን ገንዘብ ይዛ ከትምህርት በኋላ ቀረችና «ኒያጎንድዌ፣ ይቺ እሱ ሳያውቅ ትቀመጥልኝ። ልጄን ይዤ እናቴ ቤት የምገባባት ናት» አለችኝ። ከንፈሯ ላይ የቆየ ጠባሳ ነበር፤ አይቼዋለሁ። መመሪያው ግን ስለ ጠባሳ የሚለው ስለሌለ፣ ገጽ ዘጠኝን ገልጬ በትዳር ውስጥ ምስጢር እንደሌለ አነበብኩላት፤ ቋጠሮ ወለድ አይወልድም ብዬም ሳቅሁባት። እሷም አስተማሪ አክብራ ቅጹን ሞላች።

ሦስተኛውን ስጽፍ አፍራለሁ። ባሏ ፈረመ። በማግስቱ ውኃ መቅጃው ዘንድ «ለካ ያገባሁት ባንክ ኖሯል!» እያለ ሲያሽካካ በጆሮዬ ሰማሁት። ገንዘቡን ወሰደ፣ ክንዷንም ሰበረ። ልጠይቃት ሆስፒታል ስሄድ «ቅጹን ግን በደንብ ሞልቼው ነበር?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቅጹ በእርስዎ ማኅተም ቢወጣም ያስሞላኋት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ ስለ ቁጠባ ከማስተማራችን በፊት እያንዳንዷን ሴት ቤቷ ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት ለብቻዋ እንድንጠይቅ፣ የባል ፊርማም እንዲቀር ነው። መመሪያዎ ስልሳ ገጽ ነውና አንድ ጥያቄ ቢጨመርበት አይከብደውም።

ማኅተምዎን ባየች ቁጥር አንገቷን የምትደፋው፣
እስከ ሰኔ ድረስ እጅግ ታዛዥ የነበረች አስተማሪዎ
ኒያጎንድዌ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ተማሪ ቁጥር አሥራ አራት ለምን ትምህርቷን እንዳቋረጠችና አሁን የት እንደምትኖር እንድሞላ የላኩልኝ ቅጽ ደርሶኛል። የሁለት ወር ደመወዜ በሽርጧ ጫፍ ተቋጥሮ አብሯት ሄዷል። አድራሻ የሚለውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ባሏም ይህንኑ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር፤ ለሁለታችሁም መልሴ አንድ ነው።