የአባባ ሠላሳ ስምንት «ን»

ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ጤናህስ? እንቅልፍህስ? ያ ደረቅ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎረቤቶችህን በነጻ ትቀሰቅሳለህ? የሥራ ቦታህ ሰዎችስ ለመዱህ? እኔ ካንተ ናፍቆትና ከሒሳብ ፈተናው በቀር የነካኝ ነገር የለም። እማዬ ደህና ናት። አባባም ደህና ናቸው፤ የእሳቸውን ደህንነት ግን በአንድ መስመር አልጨርሰውም። ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩትም በእሳቸው ምክንያት ነው።

ባለፈው ደብዳቤህ፣ እማዬ አሁንም ወንበር ላይ ተቀምጣ «እህ» እያለች ነው ወይ የምትውለው ብለህ ቀልደሃል። ቀልዱ መጀመሪያም የእኔ ነበር፤ አንተ ሰርቀኸኝ ነው። ለማንኛውም አሁን ሁለታችንም ብንተወው ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ሐኪም ቤት ያለው የእማዬ የሥራ ክፍል ተቀይሯል። ምድር ቤቱ ያው ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ነው፤ ሙጫና ቆዳ ይሸታል። የእሷ ክፍል ከላይ ነው፣ ሃያ ሁለት ደረጃ ተወጥቶ። ሊታከሙ የሚመጡት የቀድሞ ወታደሮች ጀርባቸውን ለበር ሰጥተው መቀመጥ ስለማይሆንላቸው የእነሱን ወንበር ግድግዳው ጋ አስጠግታዋለች፤ ለበሩ ጀርባዋን የምትሰጠው እሷ ናት። በሩ ሲዘጋ እንዳያስደነግጥ ጠርዙ ላይ ወፍራም ጨርቅ ለጥፋለች። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይል ስለነበር ተባሯል። ሰው የሚነግራትን ግን አንድ ቃል እንኳ ቤት ይዛ አትመጣም። ስንት ጊዜ ልፈለፍላት ሞክሬያለሁ መሰለህ! ስለ አየር ጠባይ ታወራኛለች።

ታዲያ ኅዳር ላይ ለአዲስ ተመራቂዎች ንግግር እንድታደርግ ተጋበዘችና ሳሎን ውስጥ ተለማመደች። ታዳሚዎቿ እኔ፣ አባባና የአባባ ራዲዮ ነበርን። ጦር ሜዳ የነበረ ሰው ታሪኩን ሲያወራ «ገባን፣ ተኮስን፣ ሸሸን» ይላል አለች። ውሸቱን አይደለም፤ አብረው ነበሩ። ግን «እኛ» ውስጥ ብዙ መደበቂያ አለ። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ቀን «ሸሸሁ» ይላል። ያን ጊዜ ባለሙያው ብዕሩን አስቀምጦ መስማት ብቻ ነው ያለበት፤ ቃሉ በራሱ ጊዜ ይመጣል እንጂ ተጎትቶ አይወጣም። አባባ ራዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጄ፣ ሰዋስው ለማስተማር ነው እንዴ ሐኪም ብለው የቀጠሩሽ አሏት። ሁላችንም ሳቅን።

የእኔ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እሑድ ዕለት ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን መጣና አባባ ያን የውትድርና ዘመናቸውን የድልድይ ታሪክ ጀመሩለት። አንተም በቃልህ ታውቀዋለህ፤ ወንዙ ሞልቷል፣ ድልድዩ ተሰብሯል፣ ሻምበሉ ጉንፋን ይዞት ሲያነጥስ ጠላት ይሰማል። ሁልጊዜ «ከዚያማ ተሻገርን» ላይ ይቆሙና ውኃ ስጡኝ ይላሉ። እኔ የማጠና መስዬ ደብተሬ ላይ ጭረት እጭር ነበር። ሠላሳ ስምንት «ን» ቆጠርኩ። «ኩ»ም ሆነ «ሁ» አንድም የለም። እንግዳው እንደወጣ ጭረቶቹን አሳየኋቸውና፣ አባባ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን እርስዎ የት ነበሩ አልኳቸው።

ስቀው በጋዜጣ መታ እንደሚያደርጉኝ እርግጠኛ ነበርኩ። አልሳቁም። ደብተሩን ቀስ ብለው ዘግተው መለሱልኝና ክፍላቸው ገቡ።

ሦስት ቀን ሙሉ ራዲዮው አልተከፈተም። ያ ራዲዮ ዝም እንዲልልኝ ስንት ዓመት እንደለመንኩ ታውቃለህ፤ ዝም ሲል ግን ቤቱ አስፈራኝ። በመጨረሻ ለእማዬ ተናዘዝኩ። አልጮኸችብኝም፤ ጥፋት አይደለምም አላለችኝም። ቁስሉን ለማየት ብለሽ ፋሻውን ነጥቀሻል፤ ይቅርታ ጠይቂያቸው፣ መልስ ግን አትጠብቂ አለችኝ። ከዚያ እኔ የማላውቀውን ነገረችኝ። የሰው አባት ሁሉ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወጥቶ እሷ ጋ ሲመጣ፣ የራሷ አባት ለአሥራ አንድ ዓመት ከምድር ቤቱ እግር ሠሪ ጋር ቀልደው ይመለሳሉ። ጉልበቴ አይፈቅድልኝም ነው ምክንያታቸው። ይኸው ጉልበት በቴሌቪዥን ኳስ ባለ ቁጥር ጎረቤት ቤት አራተኛ ፎቅ ያለ ምርኩዝ ይወጣል።

ይቅርታዬን በተዘጋ በር አቀረብኩ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ እማዬ ሳህን ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። አባባ መጥተው የወጥ ቤቱን መቃን ተደግፈው ቆሙ። «ድልድዩ ላይ ጓዴ ተጣራ» አሉ። «በስሜ ነው የጠራኝ። ሰማሁ። አልተመለስኩም።»

እማዬ ቧንቧውን ዘጋች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም አላለችም፣ ሮጣም አላቀፈቻቸውም። እጇ ላይ አረፋው እየደረቀ፣ እሳቸው የቀረውን እስኪጨርሱ ቆመች። የቀረውን አልጽፍልህም። እኔ አንድ ሳህን ይዤ እስከ መጨረሻው ሳላስቀምጠው ቀረሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ «እህ» አለች። ወንድሜ፣ ያንን «እህ» ለማለት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ያኔ ገባኝ።

አባባ ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ በይ ከሰኞ ጀምሮ እመጣለሁ፣ ወንበርሽን አዘጋጂ አሏት። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ሰዓት ነው። አይሆንም አለች! ሳህኑ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

«እኔ ጋ አይሆንም፣ አባባ» አለቻቸው። «እርስዎ ሲያወሩ እኔ አለቅሳለሁ፤ ከዚያ እኔን ማባበል ይጀምራሉ። ማን ሊታከም ነው?»

ከእሷ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ የሚሠራው ራሰ በራው ባለሙያ እንዲያያቸው ቀጠሮ ያዘችላቸው። አባባ ተቆጡ፤ ለስንቱ ባዳ የደረሰች ልጅ ለወለዷት ነፈገች ብለው ሁለት ቀን አኮረፉ። ሰኞ ጠዋት ግን ጢማቸውን ተላጭተው ጫማቸውን ሲያስሩ አገኘናቸው።

እኔም ትምህርት ስላልነበረኝ ከእማዬ ጋር ተከተልኳቸው። የደረጃው እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጉልበታቸው እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። እማዬ ክንዳቸውን አልያዘችም፤ አጠገባቸው ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ራሳቸው ወጡ፤ ራሰ በራው ጨብጦ አስገባቸው።

እማዬ አንገቷ ላይ ያለውን የሥራ መታወቂያ አውልቃ ኪሷ ከተተችና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ፣ ባሎቻቸውን ከሚጠብቁት ሴቶች መካከል ተቀመጠች። ጸሐፊዋ አይታ ሮጠች፤ ዶክተር፣ ክፍልሽ ክፍት ነው፣ እዚህ ምን አስቀመጠሽ አለቻት።

«ዛሬ አስታማሚ ነኝ» አለች እማዬ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። የክፍል ጓደኞቼ እናትሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ «ሐኪም ቤት» ብዬ የማልፈው፣ የእብድ ሐኪም እንዳይሉብኝ ፈርቼ ነበር። በዚያ አግዳሚ ላይ ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ ለመላው ኮሪደር ብለፍፍ ወደድኩ። ግድግዳው ላይ «ጸጥታ ይከበር» ስለሚል ተውኩት፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት አካካስኩት።

አባባ ድነዋል ብዬ አልዋሽህም። የድስት ክዳን ከወደቀ አሁንም ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። ግን ስድስት ሰኞ ሄደዋል። ራሰ በራው ዝም ብሎ ነው የሚያየኝ፣ ይህም ሥራ ሆኖ እያሉ ያማርራሉ፤ ሰኞ ሲደርስ ግን ከሁላችን ቀድመው በር ላይ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ሹራብህን ልበስ ብላለች፣ ያለህበት አገር በጋ መሆኑን ብነግራትም። ፀጉር አስተካካዩ፣ ፀጉርህን ለማን እንደሰጠኸው ይጠይቅሃል። አባባ ደግሞ እንደ አባት መርቀውሃል። ይህን ደብዳቤ ሳልልከው አስነበብኳቸው፤ የእሳቸው ነገር ነውና ሳይፈቅዱ አይሄድም። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ስለ ድልድዩ የጻፍኩት ይሂድ አሉ፤ የጓዳቸውን ስም ግን ስትመጣ ራሳቸው ይነግሩሃል። የጉልበቱን ሰርዢ ብለውኝ ነበር፤ እሺ ብያቸው ፖስታውን አሸግኩት።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ
ከቤታችን፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን