ካፊያ ስለሚለው ስም

ይድረስ ድንቢጥ እያልሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? የእግርሽ እብጠት ጎደለልሽ ወይ? ወገብሽስ? ሐኪሙ ከአልጋ ተነሺ፣ ደጅም ውጪ ማለቱን ካነበብኩ በኋላ ነው ይኼን ደብዳቤ ለመጻፍ ድፍረት ያገኘሁት። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉንፋኑም ለቆኛል። ሰላምታዬ ዛሬ ለአንቺና በሆድሽ ላለችው ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ። ብቻ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ እንደ ልማድሽ በር ላይ ቆመሽ አይደለም።

አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ስም ስትመዘግቢ የኖርሽ ነሽና አስተያየትሽን ስጪኝ ብለሻል። ለወንድም ሆነ ለሴት ያልተለመደ ስም ማውጣት ጥሩ ነው ወይስ ልጁን ማሰቃየት ነው ብለሽ ጠይቀሽኛል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቢሮ ውስጥ ከእኔ የሚፈለገው ማኅተም እንጂ አስተያየት አይደለም። የደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። እሱን እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

የእኔ ዘዴ አንድ ነው። ስም ከመጻፌ በፊት ወላጁን ወደ በሩ አዞርና፣ ልጅዎ መንገድ ዳር እየተጫወተ ነው፣ መሽቷል፣ ይጥሩት እላለሁ። ጮክ ብሎ ሦስት ጊዜ መጥራት ነው። አንድ ሾፌር ወንድ ልጁን ፍሬን ካላልኩ ብሎ ድርቅ አለብኝ። ልጁ በተወለደበት ቀን መኪናው ቁልቁለት ላይ እምቢ ብሎት በስንት መከራ ነው አሉ የቆመለት። ጥራው ስለው ባለ በሌለ ድምፁ ፍሬን፣ ፍሬን ሲል ኮሪደር ላይ ያለው ሰው ሁሉ ግድግዳ ተጠጋ። ራሱም ስቆ ሌላ ስም አስጻፈ።

አምስት ሴቶች ያሉት አንድ ግንበኛ ደግሞ ስድስተኛዋን በቃሽ ሊላት መጣ። ዕድሜ ልክዎን ሰው በጠራዎት ቁጥር በቃዎት ቢልዎት ምን ይሰማዎታል አልኩት። ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከቶ ወጣ። ከምሳ በኋላ ተመልሶ፣ በይ እንግዲያው ጨምሪ ብለሽ ጻፊያት አለኝ። እሱን ደስ እያለኝ ነው የጻፍኩት። ልጁን ሰኞ ያለ አስተማሪም አለ። ሰው በየሳምንቱ አንድ ቀን ሊጠላው ነው ብዬ ብለምነው፣ ብለምነው አልሰማኝም። ሰኞ አሁን ሁለት ዓመቱ ነው። እናቱ በቢሮው በኩል ስታልፍ ታሳየኛለች፤ ጉንጩ የሚነከስ ልጅ ነው።

ስለዚህ አስተያየቴን ከፈለግሽ፣ ስም እንግዳ ስለሆነ ልጅ አይጎዳም። የሚጎዳው ወላጅ የራሱን ብስጭት ሲያሸክመው ነው። እንግዳ ስምማ ጎረቤት ሁለት ሳምንት ይስቅበታል፣ ከዚያ ይለምደዋል።

ይኼ ለሌላው ሁሉ ነው። ካፊያን ግን ተይው፣ እትዬ።

ተይው ስልሽ ስሙን ጠልቼ አይደለም። እኔ ነኝ ካፊያን የምጠላው? እናታችን ባረፈችበት ዓመት በዚያች ቆርቆሮ ቤት አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ብርድ ልብስ ውስጥ የምገባው እኔ ነበርኩ። አንቺ ጀርባዬን እያሻሸሽ፣ አይዞሽ፣ አሁን ካፊያ ይሆናል፣ ካፊያ ማንንም አይነካም ትይኝ ነበር። ሴት ልጅ ከወለድኩ ካፊያ ነው የምላት ያልሽውም ያኔ ነው። አክስታችን ሰምታ ወንዱንስ በረዶ ልትይው ነው ብላ ሳምንት ሙሉ ሳቀችብሽ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አላነሳሽውም፣ አክስታችንም ነገሩን ይዛው ሄደች፣ ነፍሷን ይማር። የመጀመሪያው ጽንስ የወረደብሽ ቀን ግን ሐኪም ቤት እጅሽን ይዞ ለተቀመጠው ሰው ነገርሽው። ሦስተኛው ከወረደ በኋላ ደግሞ ሁለታችንንም ሁለተኛ እንዳናነሳው አስማልሽን። ይኼን ስም የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን። በሥራ ዘመኔ አንድም ቀን በቅጽ ላይ ተጽፎ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ወንዙ ማዶ ባለው ቅርንጫፍ የምትሠራው ጸሐፊ ወለደችና፣ ለሦስት ሳምንት እሷን እንድተካ ተላክሁ። አንቺ አልጋ ላይ ስለነበርሽ በማይረባ ወሬ አላደክማትም ብዬ አልጻፍኩልሽም። ስለዚህ እኔ እዚያ መሆኔን ከእናንተ ቤት የሚያውቅ አልነበረም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሃያ ሁለት ዓመት የማትበልጥ ልጅ እግር ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝታ ቅጽ አቀበለችኝ። የልጅ ስም በሚለው መስመር ላይ ካፊያ ይላል። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና እንደገና አነበብኩት። ማን አወጣላት አልኳት። አባቷ አለችኝ፣ ኩራቷ ፊቷ ላይ እየታየ። ሴት ልጅ ስወልድ ብዬ ለዓመታት በልቤ የያዝኩት ነው ብሏታል።

የአባት ስም በሚለው መስመር ላይ ያነበብኩትን አልነግርሽም። ሥራ ስገባ በመስኮቱ ያየሁትን ላላወጣ ፈርሜያለሁ። አለቃችን ነጥብ ጎደለ ብሎ ቅጽ የሚመልስ ሰው ነው፣ እኛም አቶ ነጥብ ነው የምንለው። ይኼን ያህል መጻፌን ቢሰማ እንኳ እንጀራዬ መዘጋቱ ነው።

ምን እንደማደርግ ስላጣሁ የለመደብኝን አደረግሁ፣ እስኪ ወደ በሩ ዞረሽ ጥሪያት አልኳት። ካፊያ አለች። ሁለተኛም ካፊያ አለች። ሦስተኛውን ሳትጨርስ ኮሪደር ላይ ሲጠብቃት የነበረ ሰው የፈለገችው መስሎት ጡጦና የሕፃን ብርድ ልብስ ይዞ ገባ። ሲያየኝ በቆመበት ደርቆ ቀረ።

ድንቢጥ አለኝ። ድንቢጥ የምባለው በአንቺ ቤት ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ልጅቷ ትተዋወቃላችሁ እንዴ አለችው። የድሮ ጎረቤታችን ናት አላት። ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ደግሞ፣ እሷ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባክሽ ዝም ብለሽ ጻፊልኝ፣ ለእህትሽ እኔ ራሴ እነግራታለሁ አለኝ። ይኼን ስም የመስጠት መብት የለህም አልኩት። ልጅቷ ይኼን ብቻ ሰማች መሰለኝ፣ ደነገጠች። ስሙ ክልክል ነው ወይ፣ ከተወለደች ጀምሮ እኮ በእሱ ነው የምጠራት፣ ለምዳዋለች አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ምንም አታውቅም፣ እትዬ። ፊቷን ብታይው አንቺም ይኼንኑ ትይኝ ነበር።

ጻፍኩት። ማኅተሙንም መታሁ። እምቢ የምልበት ሕግ የለኝም፣ ሕፃኗም ምንም አልበደለችም። የአንቺን ስም በገዛ እጄ ለሌላ ሰው ልጅ ጽፌ ሰጠሁ። እሱ እንደሆነ የሚገባውን ያገኛል፣ እኔን ግን ይቅር በይኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ውጬው ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይደርስባት ስላለ ነው። ራሴ እነግራታለሁ ያለው ሰውም ትንፍሽ አለማለቱን ከደብዳቤሽ አወቅሁ። አንቺ ደግሞ መጨረሻው ላይ፣ አሁን እንኳ አልፈራም፣ ካፊያ ብዬ ላስመዘግባት ነው ብለሽ ጽፈሻል። የምታስመዘግቢበት ቀን ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ልጅሽን አቅፈሽ መስኮት ጋ ትቆሚያለሽ፣ ስሟንና የአባቷን ስም ትናገሪያለሽ፣ የማታውቅሽ ጸሐፊ ኮምፒውተሯን አይታ ቀና ትልና፣ እንዴ እመቤት፣ ይቺን ልጅ አስመዝግባችኋል እኮ ትልሻለች። እዚያ ቆመሽ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

ባለቤትሽ ጋሼ ለሥራ እኛ ከተማ ሲመላለስ ብቅ ብሎ ይጠይቅሻል ወይ ብለሽ ነበር። አንድ ጊዜ ተያይተናል።

ፈቃድ ወስጃለሁ። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፣ እስክትወልጂም ከአጠገብሽ አልለይም። እስከዚያ ማንንም ምንም አትጠይቂ። ይኼን ደብዳቤ የስፌት መኪናሽ መሳቢያ ውስጥ ክተቺውና እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ። ካለቀስሽም አልቅሺ፣ ብቻ እህል እንዳትተዪ። ለልጃችን ሌላ ስም አብረን እንፈልግላታለን። በር ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ የምጠራት እኔ ነኝ።

በሰላም ያገላግልሽ። የእናትነት ወጉን ያሳይሽ፣ እኔን ያሳደገ እጅሽ እሷንም ለማሳደግ ይብቃ።

ቅዳሜ ሳንኳኳ እሱ እንዳይከፍትልኝ። አንቺ ክፈቺልኝ።

ታናሽ እህትሽ
ድንቢጥ