ጽዋሽን ከጥሩነሽ እጅ ተቀበልሁ

ለአርባ ስድስት ዓመት የትዳር ጓደኛዬ፣ ለአስካለ፤ በክርስትና ስምሽ ለወለተ ኪዳን፦

ሰላመ እግዚአብሔር ባለሽበት ይድረስሽ። ከተለየሽኝ ሰባት ወር አለፈ። ዝናቡ ገና መሬቱን ማራስ ሲጀምር፣ በሰኔ ቀበርንሽ፤ አሁን ጥር ተጋምሷል፣ የጥምቀቱም እንግዳ ከከተማው እየተራገፈ ነው። የዓይኔ ሞራ ስላልተነሣ ፊደሉን አግንኜ እጽፋለሁ። ብትኖሪ ኖሮ «ይህ ደብዳቤ ነው ወይስ የሱቅ ማስታወቂያ?» ብለሽ ትስቂብኝ ነበር።

የቤታችንን ነገር ላስቀድም። የጓዳው ጣሪያ በነሐሴ አፈሰሰ፤ ጎረቤታችን ሐጅ ሰይድ ከሱቃቸው ሸራ አምጥተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል ላይ ወጥተው ሸፈኑልኝ። እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ «ኧረ ሐጅ፣ ይውረዱ» እያልሁ ከመለመን በቀር የረዳኋቸው ነገር የለም። ውኃው እንደ ጥንቱ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ባልዲ ይዞ ይሯሯጣል። ልጃችን ማርታ ከሆስፒታል ሥራዋ ስትወጣ በየቀኑ ብቅ ትላለች፤ ወጥ ሠርታልኝ ትሄዳለች። ጨው ታበዛለች፤ አልነገርኋትም። ከዳባት ወዲያ ያለውን የወንድሜን ማሳ በረዶ መታው፤ ገብሱ ሳያሸት መሬት ላይ ተኛ። መንገዱም ሁለት ጊዜ ተዘግቶ፣ ለአርባሽ ከዛሪማ ሊመጡ የነበሩት ዘመዶችሽ ከመንገድ ተመለሱ።

ይህን የምቆጥርልሽ ለማማረር አይደለም። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ሌላ ስለሆነ፣ ወደ እርሱ ለመድረስ ቀላል ቀላሉን ማስቀደሜ ነው። አስካለ፣ ከሞትሽ ወዲህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት አቃተኝ።

ስድሳ ዓመት በማሕሌት የቆምሁ፣ ለስንቱ ደቀ መዝሙር ዜማ ያስጠናሁ ሰው፣ ካህኑ የምስጋናውን ጸሎት ሲጀምር ከንፈሬን ገጥሜ እቆም ጀመር። ሰው «እንዴት አደሩ መሪጌታ?» ሲለኝ «አለሁ» እላለሁ፤ ከዚያ አያልፍም። ሌላው አላስተዋለም፤ ወይም አስተውሎ አዘነልኝ። ሐጅ ሰይድ ግን አንድ ጠዋት በር ላይ አቁመውኝ፣ «ምነው መሪጌታ፣ ምስጋናውን ዋጡት? እኔ አልሐምዱሊላህ ስል እርስዎ ዝም ካሉ፣ ሰፈራችን በአንድ እግሩ ቆመ ማለት እኮ ነው» አሉኝ። ለመሳቅ ሞከርሁ። ከዚያም ገብቼ አለቀስሁ።

ምክንያቱን አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ታውቂዋለሽ፤ የጥሩነሽን ነገር።

ታስታውሻለሽ፣ የጥሩነሽ ልጅ ከአዲ አርቃይ እህል ጭኖ ሲመጣ፣ ማኪናው ሊማሊሞ ላይ ተገልብጦ የሞተ ጊዜ፣ ዛሬ አራት ዓመት ሆኖታል፣ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ጥሩነሽ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች፤ ድምፅዋ አልቆ እንደ ትንፋሽ ብቻ ሆኗል። እኔ በሕዝቡ መካከል መቋሚያዬን ተመርኩዤ ተነሣሁ። «ጥሩነሽ፣ ልቅሶሽ ልክ አለፈ። የሰጠ እርሱ ነው፣ የነሣም እርሱ ነው። ተመስገን በይ» አልኋት። ደግሜ «በይ እንጂ» አልሁ፤ ሰው ሁሉ እያያት ቆሜ ጠበቅኋት። «ተመስገን» አለች። ልቅሶዋም ተቋረጠ። ሽማግሌዎቹ «ቃልዎ መድኃኒት ነው» አሉኝ፤ እኔም አመንሁ። አንዲት ነፍስ ከክህደት የመለስሁ መስሎኝ በኩራት ወደ ቤት ገባሁ።

አንቺ ግን ቤት ገብተሽ ነጠላሽን ስታጥፊ፣ ፊትሽን ሳታዞሪ፣ «አንተ ሰው፣ ያቺ ሴት ተመስገን ያለችው ለፈጣሪ አይደለም፤ ለመቋሚያህ ነው» አልሽኝ። ተቆጣሁ። ከአባቶች ቃል እየጠቀስሁ ብዙ ተናገርሁሽ። አንቺ ራቴን አቀረብሽልኝ። ከዚያ ወዲህ ጥሩነሽ በሩቅ ስታየኝ መንገድ ትቀይር ነበር። በኪዳነ ምሕረት ማኅበራችሁም ተራዋ ሲደርስ ድግሱን ወደ ደጀ ሰላም ትልከዋለች እንጂ ሰው ቤቷ አታስገባም። ከእርሷ ቀጥሎ ባለተራ አንቺ ብትሆኚም፣ ጽዋውን የምትቀበይው ከማኅበሩ አስተባባሪ፣ ከሙሴው እጅ ነበር። ይህ ሁሉ በእኔ የመጣ መሆኑን ማመን አልወደድሁም።

ልብሽ ደክሞ፣ እግርሽ አብጦ ሆስፒታል በተኛሽበት ወር የአመሰጋገንሽን ነገር በቅርብ አየሁት። ከዚያ በፊት አርባ ስድስት ዓመት ሰምቼው አላየሁትም ነበር። «ዛሬ ትራሱ ከፍ አለልኝ፤ ተመስገን» ትያለሽ። ጥቂት ቆይተሽ፣ ጎረቤትሽን እንደምታናግሪ ሁሉ፣ «ትንፋሼ ግን አጥሯል፤ እርሱንም መቼም ታየዋለህ» ትያለሽ። ማርታ የቀባችሽ ቅባት መልካም ስለ መሽተቱ ታመሰግኛለሽ። ከጎንሽ የተኛችው የአይከል ሴት እንቅልፍ ስለ ወሰዳት ታመሰግኛለሽ፤ ስለ ማንኮራፋቷ ደግሞ ለእርሱ አቤት ትያለሽ። እኔ መምህሩ አላስችል ብሎኝ፣ ፍጹም ምስጋና ስለ ሕመሙም ጭምር ነው ብዬ ላስተምርሽ ሞከርሁ። ሳቅሽ። «ሕመሙንማ ማን ስጠኝ አለው? እኔ የማመሰግነው ሳልጠራው መጥቶ አብሮኝ ስለ ተቀመጠ ነው» አልሽኝ።

በሌላ ቀን እጄን ይዘሽ «ጥሩነሽ ዘንድ ሂድ» አልሽኝ። ምን እንደምላት አልነገርሽኝም፤ አያስፈልግም ነበር። «እሄዳለሁ» አልሁሽ። አልሄድሁም። አስታማሚ ሆኜ ጊዜ አጣሁ ብዬ ራሴን አታለልሁ፤ ከቀብርሽ በኋላ ደግሞ ኀዘንተኛ ነኝ አልሁ። ነገር ግን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሰዎች «ይበቃል መሪጌታ፣ ያመስግኑ» ባሉኝ ቁጥር የጥሩነሽ ፊት ይመጣብኝ ነበር። ቃሉን በእርሷ ላይ ጭኜባት ስለ ነበር፣ ለራሴ ስፈልገው ከአፌ የሚወጣ አልሆነም።

በኅዳር የማኅበሩ ሙሴ ወደ ቤቴ መጣ። «የወይዘሮ አስካለ ተራ በጥር ነው፤ ከከበደዎት እናሳልፈዋለን» አለኝ። አይሆንም፣ ጽዋዋን እኔ አነሣለሁ አልሁት። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና፣ «እንግዲያውስ ይወቁት፤ ዘንድሮ ጥሩነሽ በቤቷ ልታወጣ ነው። የሚቀበሉት ከእርሷ እጅ ነው» አለኝ። የሰጠሁትን ቃል ልመልስ አልሁ፤ አፈርሁና ተውሁት።

ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ቀን ሄድሁ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ማኅበርተኛው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ተቀምጧል። ጾም ስለሆነ ንፍሮና ዳቦ፣ ጠላም ቀረበ። የልጁ ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ ሆኖ፣ እጁን መሪ ላይ አድርጎ ይስቃል። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ጥሩነሽ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች። ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ፦ ተረካቢው ይነሣል፣ ለዚህ ያደረሰውን አምላክ ያመሰግናል፣ ለከርሞም ያድርሰን ይላል፣ ከዚያ ይቀበላል። ተነሣሁ። አፌን ከፈትሁ። ምንም አልወጣም።

ሰው ሁሉ ጠበቀ። ሙሴው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ተመስገን ይበሉ እንጂ መሪጌታ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶም፣ «ይበሉ እንጂ» ብሎ ደገመ። ይኸኔ ጥሩነሽ፣ ጽዋውን እንደ ያዘች፣ «አያስቸኩሏቸው። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ» አለችው።

አስካለ፣ እኔ የነፈግኋትን እርሷ ሰጠችኝ። በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ተንበረከክሁ። «ጥሩነሽ፣ በልጅሽ ድንኳን ውስጥ በድዬሻለሁ። ልቅሶሽን ቀማሁሽ። ይቅር በይኝ» አልኋት። ከወዲያና ከወዲህ ሊያነሡኝ የተጣደፉትን በዓይኗ መለሰቻቸው። ጽዋውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«አያ መሪጌታ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ያን ዕለት ተመስገን ያለው አፌ ነው። ልቤ እስካሁን እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። አስካለ ባትኖር እኔ ይህን ማኅበር ትቼው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አብራኝ ታለቅስ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ይበቃሻል አላለችኝም። ቤቴንም ዘንድሮ የከፈትሁት ለእርሷ ብዬ ነው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ! ሩብ ኪሎ በርበሬ ለመግዛት ግማሽ ቀን ገበያ ትውያለሽ ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅሁሽ። «ገበያው ሩቅ ነው» ትይኝ ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ የእኔን ዕዳ በእግርሽ ስትከፍዪ፣ እኔ በርበሬውን እመዝን ነበር።

ጥሩነሽ ከዚያ በኋላ፣ «እግዚአብሔር ይፍታዎ፤ እኔም ይቅር ብያለሁ። አሁን ይነሡና ይያዙልኝ፤ ክንዴ ዛለ» አለች። ሳቅና ልቅሶ በቤቱ ውስጥ ተደባለቀ። ጽዋሽን ከእጅዋ ተቀበልሁ። ቃሉን ግን አሁንም አላልሁትም፤ ማንም አልጠየቀኝም። ጥሩነሽ ተቀምጣ ስለ ልጇ አለቀሰች፤ ስሙን እየጠራች፣ እንደ እናት አለቀሰች። አንዱ ዝም ሊያሰኛት ሲነሣ እጁን ይዤ አስቀመጥሁት።

ትናንት ተራሽ ደርሶ በቤታችን ወጣልሽ። ጥሩነሽ ከሳምንት አስቀድማ መጥታ ጠላውን ከማርታ ጋር ጠመቀች። ትናንትም ወጡን ቀምሳ፣ «ልጄ፣ አባትሽን ቋንጣ ልታደርጊው ነው?» አለቻት። ሐጅ ሰይድ አግዳሚ ወንበራቸውን በሙሉ አዋሱን።

ለማኅበርተኛው የምናገረውን በግእዝ አዘጋጅቼ ነበር፤ ያማረ ነበር። ስነሣ ተውሁት። «ሚስቴን ስለ ወሰደ አላመሰግንም፤ አልችልም። እርሱም ይህን ከእኔ የሚፈልግ አይመስለኝም» አልሁ። ሙሴው ደነገጠ። «አርባ ስድስት ዓመት ስለ ሰጠኝ ግን አመሰግናለሁ። በሆስፒታሉ አልጋ ዘንድ ሳይጠራ መጥቶ ስለ ተቀመጠ፣ ሳላመሰግነውም ሰባት ወር ሙሉ ጎረቤትና ልጅ እየላከ ስለ ጠበቀኝ፣ ተመስገን።» ወጣ፤ አስካለ፣ ቃሉ ወጣ። ድምፄ ተሰብሮ ነበር፤ በስድሳ ዓመት ዜማዬ እንዲህ የተሰበረ ድምፅ አሰምቼ አላውቅም። ማኅበርተኛው «አሜን» አለ። ጥሩነሽ አላለችም፤ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። እኔም አልጠበቅኋትም። የእርሷ ጊዜ የእርሷ ነው።

እንግዲህ ቃል የምገባልሽ ይህን ነው። በኪዳንና በቅዳሴ ስምሽን ወለተ ኪዳን ብዬ እጠራለሁ፤ ሙት ዓመትሽንም ጥሩነሽን ከጎኔ አድርጌ አወጣለሁ። ሰው እንዴት አደሩ ሲለኝ እንደ አንቺ በዝርዝር አመሰግናለሁ፤ የጎደለውንም ሳልደብቅ እነግረዋለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን ለቅሶ ቤት በገባሁ ጊዜ አስታውስሻለሁ።

ከታች ሰፈር ዛሬ ድንኳን ተተክሏል፤ አንዲት ወጣት ባሏ ሞቶባት። ሽማግሌዎቹ «መጥተው ያጽናኗት» ብለው ልከውብኛል። ጋቢዬን ደርቤ ይህን ልጨርስ ነው የተቀመጥሁት። እሄዳለሁ። ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ታልቅስ፣ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ። ተናገር ካሉኝም፣ ገና ነው እላቸዋለሁ።

ባልሽ