ከመቶው ሦስተኛዋ፦ የእሜቴ ግራም የሕይወት ታሪክ

በገበያተኛውም በቤተሰቡም ዘንድ «እሜቴ ግራም» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት እናታችን፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መጋቢት 3 ቀን 1937 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው ስለ ታመሙ፣ አጥበው፣ አበጥረውና ፊደል አስቆጥረው ያሳደጓቸው በሰባት ዓመት የሚበልጧቸው እህታቸው ናቸው። ስለዚህም እህታቸውን ዕድሜ ልካቸውን «እትዬ» ከማለት በቀር በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር አጠናቀው በ1957 ዓ.ም. በሚዛን መርማሪነት ተቀጠሩ፤ በዚሁ ሥራ ሠላሳ አምስት ዓመት አገለገሉ። ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ፣ ከረጢት ውስጥ በሚይዟቸው የናስ መመዘኛዎች የነጋዴውን ሚዛን ይፈትሹ ነበር። አጭበርባሪን ከመጥላት አልፈው ይጸየፉ ነበር። አንድ ቀን የሥጋ ቤት ሚዛን ሳህን ቢገለብጡ ከሥሩ ለዓመታት የተጋገረ፣ የገማ ሞራ አገኙ። ባለ ሥጋ ቤቱ «እሜቴ፣ እሱ እኮ ቆሻሻ እንጂ ክብደት አይደለም» ሲላቸው፣ ሞራውን በቢላ ፍቀው መዘኑትና «ቆሻሻህ መቶ አሥር ግራም ነው። ስንት ዓመት ለሰው ስትሸጠው ኖርክ?» አሉት። ቅጽል ስማቸው የወጣው ያን ዕለት ነው።

በ1962 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው በ1999 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከእትዬ ጋር አንድ ቤት ኖሩ፤ ሁለቱ ስለ ወጥ ጨው ሳይቀር ሲነታረኩ ይውሉ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር፤ ሁለት ጊዜም ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሲመረመሩ፣ ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት ቫልቭ ጠጥሮና ጠብቦ ተገኘ። ጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ደረታቸው ሳይከፈት፣ በብሽሽታቸው የደም ሥር በገባ ቀጭን ቱቦ አዲስ ቫልቭ ተተከለላቸው። በአራተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ተመልሰው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሳያርፉ ወጡ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ ማበጠሪያው ከእጃቸው ወደቀ። ስትሮክ ነበር። ቅርብ ወዳለ ሌላ ሆስፒታል ተወስደው አሥራ አንድ ቀን ተኙ። ቀኝ እጃቸው እንደ በደነ ቀረ፤ አንደበታቸውም ተጎተተ፤ አእምሯቸው ግን ቅንጣት አልጎደለም። ሰው ሲያጥባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር።

በሠላሳኛው ቀን ልባቸውን ካከመው ሆስፒታል የክትትል ክፍል ተደወለ። ስልኩን ያነሡት እትዬ ናቸው።

«እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት፣ ይመስገን።»

«ይራመዳሉ?»

«ኧረ ትራመዳለች!» ከአልጋ እስከ ወንበር፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው ማለት ነው።

«ያጋጠማቸው ችግር አለ?»

«ምን እንላለን ልጄ፤ ተመስገን ነው።»

እትዬ ክፋት አስበው አልነበረም። ለማያውቁት ሰው በስልክ የቤት ገመና መዘርዘር ነውር መስሏቸው ነው። ስልኩን ለታማሚዋ ያቀበለ ግን አልነበረም።

ዓመት ሲሞላ ለምርመራ ሄዱ። ሐኪሙ የልባቸውን ምስል አይተው «እማማ፣ ቫልቩ ግሩም ነው!» አሏቸው። «ቫልቩስ ግሩም ነው፤ እኔስ?» አሉ እሜቴ ግራም። ሐኪሙ ግራ ገብቷቸው መዝገቡን ገለጡ፤ «ስትሮክ፦ የለም» ይላል። በመቆያ ክፍሉ የተደረደረው የሆስፒታሉ መጽሔትም፣ በዚህ ዘዴ ከታከሙት መቶ ሰዎች መካከል በሠላሳ ቀን ውስጥ ስትሮክ ያገኛቸው ሁለት ብቻ መሆናቸውን ይገልጻል። እሜቴ ግራም ከዘጠና ስምንቱ ጋር ተቆጥረዋል። መጽሔቱን በግራ እጃቸው ጨብጠው ቤት ገቡና እትዬ ፊት አስቀመጡት። «እትዬ፣ ሐኪም ያላዳነኝን አንቺ በአፍሽ አዳንሽኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ በተሽከርካሪ ወንበር አራት ጊዜ ወደ ክትትል ክፍሉ ተመላለሱ። ሕክምናውን አልኮነኑም። «ትንፋሼንም ጻፉ፣ እጄንም ጻፉ፤ ተራው የደረሰው ሰው ሁለቱንም አውቆ ይግባበት» ነው ያሉት። የክፍሉ ጸሐፊ ግን ይዘውት የሄዱትን የሌላውን ሆስፒታል ወረቀት ሳያነብ መለሰላቸውና መረጃውን የሰጡት ሰው ራሳቸው ቀርበው ካልፈረሙ አይታረምም አላቸው። እትዬ ደግሞ «በስተርጅና ዋሾ ነኝ ብዬ ልፈርም? ሰው ምን ይለኛል!» ብለው እምቢ አሉ። ይህን በለዘበ ቃል ለመጻፍ ሞክረን አልሆነልንም። አስጸያፊ ነው። የደረቀ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸው ለመድረቁ የሌላ ሰው ፊርማ ተጠየቁ። እኛም ልጆቻቸው «ምናለ ቢተዉት» እያልን ዓመቱን ፈጀነው፤ ይህም ከዚያ የተሻለ አይደለም።

በሳንባ ምች ለሁለት ሳምንት ታመው፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ78 ዓመታቸው ዐረፉ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ጥቁራቸውን ለብሰው ብቻቸውን ወደ ክትትል ክፍሉ ሄዱ። ጸሐፊው እንደ ልማዱ «እንዴት ነዎት እማማ፣ ደህና ነዎት?» አላቸው። «አይደለሁም» አሉ እትዬ። «እሷም አልነበረችም። ጻፍ።» ከዚያም ፈረሙ። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጃችን ይገኛል፤ መጽሔቱ ሁለት ያለውን ሦስት ይበል አይበል ግን እስካሁን የነገረን የለም።

እሜቴ ግራም ታላቅ እህታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን፣ ስለ እሳቸው ሌላ ሰው በማይመልስበት፣ ራሳቸው ተጠይቀው ራሳቸው በሚናገሩበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።