እትዬ ይቆጠር እና አሥራ አንዱ የማዋለጃ ክፍሎች

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ እህታችን ከፖስታ አመላላሽ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ጥር 12 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። እናታችን ሰባት ጊዜ ወልደው ለማሳደግ የበቁት ሦስት ነው፤ እሳቸውን፣ ይህን ታሪክ የምጽፈውን እኔን ወንድማቸውንና «ማሳረጊያ» እያልን የምንጠራትን የመጨረሻዋን እህታችንን።

እህታችን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ ሕዝብ ቆጣሪ ወደ ቤታችን መጥቶ እናታችንን ስንት ልጅ እንደወለዱ ጠየቃቸው። እናታችን ሦስት አሉ። እህታችን ከበሩ ኋላ ብቅ ብለው የሞቱትን አራቱን በየስማቸው ጠሩለት። ሰውየው የጻፈውን ሰርዞ «ሰባት» ብሎ ጻፈ። ከሄደ በኋላ እናታችን አልተቆጧቸውም፤ ስፌታቸውን አስቀምጠው አለቀሱ እንጂ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው ጨርሰው በ1963 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በሒሳብ በማዕረግ ተመረቁ። ወደ ውጭ አገር ተልከውም ሁለት ዓመት የሥነ ሕዝብ ጥናት ተማሩ፤ እንደተመለሱም በ1970 ዓ.ም. በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ቢሯቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በቀለም ተጣብቆ የማይከፈት፣ እስከ ጣሪያው የመጠይቅ ቅጽ የታጨቀበት ክፍል ነበር። የሥራ ባልደረቦቻቸው በሻይ ሰዓት በማንኛውም ነገር ሲከራከሩ እሳቸው «ይቆጠር» እያሉ ስለሚገላግሏቸው «እትዬ ይቆጠር» የሚል ስም ወጣላቸው።

በ1973 ዓ.ም. የዚያው መሥሪያ ቤት ካርታ ሠሪ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ለምን አልደገሙም ብሎ የጠየቃቸውን ሁሉ «አማካዩን እያወረድኩ ነው» ብለው ያስቁት ነበር።

በ1984 ዓ.ም. የወንዝ ዳር ወረዳዎችን የወሊድ መጠን አጠኑ። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ አገሩን እየለቀቀ ስለነበር፣ በአሥር ዓመት ውስጥ የሚወለደው ሕፃን በግማሽ ቀንሶ አገኙት። የጥናቱ የመጨረሻ ምዕራፍ፣ እናቶቹ ጥቂት ቢሆኑም ተራርቀው ስለሚኖሩ በየከተማው ያሉት የማዋለጃ ክፍሎች እንዳይነኩ የሚመክር ነበር። የዕቅድ ኮሚቴው ግን ከመቶ ሰማንያው ገጽ የወሊዱን መቀነስ የምታሳይ አንዲት ሠንጠረዥ ብቻ መዝዞ አወጣ። በስብሰባው ላይ ሰብሳቢው «ቁጥሩ ትክክል ነው?» ሲሉ ጠየቋቸው። እህታችን «ትክክል ነው» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በላይ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም ሳይጠየቁ አልተናገሩም። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ የማዋለጃ ክፍሎች ተዘጉ።

ማሳረጊያ በትውልድ ከተማችን መምህርት ነበረች። የካቲት 9 ቀን 1987 ዓ.ም. ምጧ ሲመጣ የማዋለጃው በር በሰንሰለት ተቆልፏል። ሆስፒታሉ ስልሳ አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል። እኔ ሙያዬ ሾፌርነት ነው፤ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነበርኩ። አርባኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከኋላ ይሰማኝ የነበረው ድምፅዋ ጠፋ። እሷንም በሆዷ ያለውንም አጣን።

ለቅሶ ቤት፣ በሰው ፊት፣ «እትዬ» ማለቱን ትቼ «በቁጥርሽ ገደልሻት» አልኳቸው። ቀና ብለው አይተውኝ «አውቃለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሆድና ጀርባ ሆነን ኖርን። ያን ዕለት መሪውን የያዝኩት እኔ መሆኔን ግን አንድም ቀን አላነሱብኝም።

በ1993 ዓ.ም. ስልክ ደወሉልኝ። ክፍሎቹ የተዘጉባቸውን ከተሞች ቤት ለቤት ማዳረስ እንደሚፈልጉ፣ አውቶቡስ የማይገባበት መንገድ እንደሚበዛ ነገሩኝ። እምቢ ልል አፌን ከፍቼ መቼ እንደምንነሳ ጠየቅኳቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ የዓመት ፈቃዳቸውን በዚህ ጨረሱት። የሟች እናት ፊት ሲቀመጡ እስክሪብቶ አያወጡም፤ ሰምተው፣ ተሰናብተው፣ መኪና ውስጥ ገብተው ነበር የሚጽፉት። እንዲህ አድርገው መንገድ ላይ የሞቱ አርባ ሦስት ወላዶችን መዘገቡ። ያን ሁሉ መንገድ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሄድ ስለ ጎማው፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ልጆቻችን አወራን። ለቅሶ ቤት የተናገርኩትን ቃል ግን ይቅር በይኝ አላልኳቸውም።

ሪፖርታቸውን ገምግሞ የመለሰው ባለሙያ በመሥሪያ ቤቱ እሳቸው ራሳቸው አስተምረው ለወግ ያበቁት ተማሪያቸው ነበር። «ቁጥሩ ለመደምደሚያ አነስተኛ ነው» ይላል። እኔ ሰውየውን መሳደብ ስጀምር፣ «ተወው፣ ልክ ነው። በትንሽ ቁጥር አትደምድሙ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። አስተካክለው ሁለት ጊዜ ደግመው አቀረቡ። ለሁለተኛው ያው መልስ መጣ፤ ለሦስተኛው መሥሪያ ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ነገሩ ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። በዚህ መሐል እርጉዞቹ ቀናቸው ሳይደርስ ከተሞቹን እየለቀቁ መሄድ ጀመሩ፤ አብዛኞቹም በሄዱበት ቀሩ። የሚወለደው ይበልጥ ባነሰ ቁጥር፣ መዝጋቱ ትክክል እንደነበር ማስረጃ ተደርጎ ይቀርብ ጀመር። ይህን ማስረጃ የያዙትን ሠንጠረዦች ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ በየዓመቱ ያዘጋጁ የነበሩትም እሳቸው ነበሩ።

ባለቤታቸው በ1998 ዓ.ም. ቀደሟቸው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ፣ ልጃቸው አልጋውን ወደ ክፍላቸው አምጥቶ አስታመማቸው።

ባለፈው መስከረም የትውልድ ከተማችን የማዋለጃ ክፍል እንደገና ሊከፈት መወሰኑን ሰምቼ እየሮጥኩ ሄጄ አበሰርኳቸው። ከተማው ውስጥ ስንት ወጣት ሴት እንደቀረ ጠየቁኝ። የማውቃቸውን አሰብኳቸው፤ አምስት አልሞሉም።

«ታዲያ ማን ሊወልድበት?» አሉኝ።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራቸው ሲያነሱ አልሰማሁም።

እህታችን ኅዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። አንድ ወንድ ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ቤተሰቡ እስከ መጨረሻው ላልተለዩዋቸው ነርሶችና ለጎረቤቶቻቸው ምስጋናውን ያቀርባል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥያቄ በማይቀርብበት፣ መልስም በማይጠበቅበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ በሕይወት ሳሉ የጎደላቸውን ዕረፍት እዚያ ይሙላላቸው። አሜን።