ተጎታቿ ቤት ለምራቴ

ዛሬ ሰኔ አራት ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ በገዛ መኝታ ቤቴ ትራስ ተደግፌ ይህን የኑዛዜ ቃል የሰጠሁት እኔ፣ የመንገድ ቀያሹ ሚስት የነበርኩት ነኝ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን የጠራ ነው። ልጆቼ «እማ መዘንጋት ጀምራለች» እያሉ በሰፈር ማውራታቸውን ሰምቻለሁ፤ የሰማሁትን አለመርሳቴ ማስረጃ ይሁንልኝ። ቃሌን የሚጽፈው ጡረተኛው መምህር ነው። ምስክሮቼ አጠገቡ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ወንበር ሞልቶ ሳለ በር ላይ ቆመዋል፤ መቸኮላቸው እንዲታወቅላቸው ነው።

ይህ ቤት ለሁለቱ እኩል ይድረሳቸው። እኩል ስለምወዳቸው አይደለም፤ አንዱ ከሌላው የሚሻልበትን ፈልጌ ስላጣሁ ነው።

የሳሎኑ ቡፌ ለታላቁ ልጄ አዲሷ ሚስት ይሰጥ። በመጣች ቁጥር አቧራውን በጣቷ ስትመረምር ኖራለችና ከእንግዲህ በቤቷ ትመርምረው። ሬዲዮው የታናሹ ነው። ሰፈሩ «ልክ ነህ» የሚል ቅጽል ያወጣለት ለተናገረ ሁሉ «ልክ ነህ» ስለሚል ነው፤ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ስለሚናገር ሥራ አይፈታም።

በግቢው ጥግ የቆመችውን፣ በመኪና የምትጎተተውን ቤት በተመለከተ ግን ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። ባለቤቴ መንገድ ሲቀይስ የኖርነው በእሷ ውስጥ ነው። ልጆቼ ዛሬ ቢያፍሩባትም ድክ ድክ ያሉት በእሷ ወለል ላይ ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ፀሐይና ዝናብ ተፈራረቁባት፤ የመስኮቶቿ የአልሙኒየም ክፈፍ ነጭ ዱቄት አወጣ፣ መስታወቱን ዙሪያውን የያዘው ጎማ ተሰነጣጠቀ፣ ውኃ ማስገባት ጀመረች። ታላቁ ልጄ አለቆቹን እዚህ ምሳ ሲጋብዝ እንዳታሳፍረው ብሎ ክፈፎቹን ሳያሳጥብ፣ ሳያስፍቅ፣ ብርማ ቀለም አስቀባቸው። ቀለሙ አንድ ክረምት እንኳ ሳይሻገር ተላጠ። አልደነቀኝም፤ እሱም ከላይ የተቀባ ሰው ነው።

ያንን ቀለም የፋቅነው እኔና የቀድሞ ምራቴ ነን። ታላቁ ልጄ «አትመጥነኝም» ብሎ ባባረራት ጊዜ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እኔ መጣች፤ ተጎታቿ ውስጥ አረፈች፣ በዚያው ኖረች። ብልህ ናት አልልም። ከልጄ ጋር ያን ያህል ዘመን የቆየችን ሴት ብልህ ብል አእምሮዬ ጤነኛ ነው ያልኩት ቃል ይፈርስብኛል። እጇ ግን አይቸኩልም። መስኮቱን ነቅላ፣ መስታወቱን አውጥታ፣ ክፈፉን በሳሙና አጥባ፣ ውኃ በነካው ብርጭቆ ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ታሸዋለች። እኔ በጨርቅ ፖሊሽ እቀባና እጆቼ እስኪጠቁሩ እወለውላለሁ። አንድ ቀን ክፈፉ ላይ ፊቷን አየችና፣

«እማማ፣ አርጅቻለሁ እኮ» አለችኝ።

«እንግዲያው ገና አሁን ጠርቷል ማለት ነው፤ ቀጥይ» አልኳት።

በቅርቡ ሆስፒታል በተኛሁበት ሰሞን ልጆቼ ጎታች መኪና ይዘው መጡ። ስመለስ ባዶ ግቢ ሊያሳዩኝ ነበር። ምራቴ ገብታ ከውስጥ ቆለፈችና መስኮቱ በተነቀለበት ቀዳዳ አጠገብ ተቀመጠች።

«ውጪ፤ ቆርቆሮ ነው እኮ» አላት ታላቁ።

«እሳቸው ይምጡና ይንገሩኝ።»

ታናሹ ወንድሙን «ልክ ነህ» አለው፤ እሷንም «ልክ ነሽ» አላት።

ሹፌሩ ግን «እኔ ሰው ያለበትን አልጎትትም» ብሎ ሰንሰለቱን ፈታና ሄደ። የት እንደሚገኝ ባውቅ ቡፌውን ለእሱ አደርገው ነበር።

ስለዚህ ተጎታቿ ቤት፣ ከነመስኮቶቿና ከቆመችበት መሬት ጋር፣ ለቀድሞ ምራቴ ተሰጥታለች። ልጆቼ ያን ጥግ ለመርገጥ ሲሹ አንኳኩተው፣ ሲፈቀድላቸው ብቻ ይግቡ።

እዚህ ላይ ታላቁ ልጄ «እማ፣ ይሄ ሁሉ ይጻፋል እንዴ?» አለ። መምህሩ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። ይጻፍ፤ የሱም ጥያቄ ይጻፍ።

ምራቴ ተጠርታ ስጦታው ተነበበላት። «እኔ ምንም አልፈልግም። ሁለት መስኮት ይቀረናል፤ ይነሱና እንጨርስ» አለች። እያለቀሰች ስለነበር መምህሩ አልሰማትም፤ እንድትደግም ጠየቃት፣ ደገመችው። በዚህ ክፍል ውስጥ «አልፈልግም» ያለ ሌላ ሰው ስለሌለ ስጦታው ይጽና።

መነሳት ካልቻልኩ ሁለቱን መስኮቶች ብቻዋን ትጨርስ። አዲሱን የመስታወት ጎማ ስታስገባ አትሳበው፤ የተሳበ ጎማ ብርድ ሲመጣ ይሰበሰብና ክፍተት ይተዋል። በቀስታ፣ በአውራ ጣቷ እየገፋች ታስገባው።

ቃሌ በምስክሮቼ ፊት ተነብቦልኛል፤ የምሰርዘው የለኝም።

የተናዛዧ ፊርማ
ምስክሮች፦ ጎረቤቴ ብረት በያጁ፣ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ ልብስ ሰፊዋ
ጸሐፊ፦ ጡረተኛው መምህር